የተዋስኩት ምላስ

ጡረታ ወጣሁ እላለሁ እንጂ የጡረታ ደብተር የለኝም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስሠራ አንድም ቀን ፎርም ሞልቼ አላውቅም። የቀጠረኝ ሰው «ሽንኩርት መላጥ ትችያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ እችላለሁ አልኩ፣ አለቀ። ባለፈው ሰኔ ስወጣም እንደዚያው ነው። ሽርጤን አጥፌ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አሁን ቀኑ ረዝሞብኛል። ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ድሬዳዋ ስትተኛ እኔም የእህቴ ልጅ በረንዳ ላይ ምንጣፍ አንጥፌ ጋደም እላለሁ። እዚህ ከተማ እንቅልፍና ሙቀት ተቀላቅለው ነው የሚመጡት፤ የትኛው እንደወሰደኝ አላውቅም። የባጃጆቹ ጩኸት እየሳሳ እየሳሳ ይሄድና የድስት መንተክተክ ይሆናል። ከዚያ ወጥ ቤቱ ራሱ ይመጣል፤ ጥቁሩ ግድግዳ፣ ጣሪያው ላይ እያቃሰተ የሚዞረው ማራገቢያ፣ በመስኮቱ ገብቶ ዱቄት ላይ የሚያርፈው ብርሃን። ሐጂ ሙሜ በሩ ላይ ቆሞ «ጽጌ፣ ድስትሽ እየጠራሽ ነው» ይለኛል። ደንግጬ እነሳለሁ። የእህቴ ልጅ ትስቅብኛለች።

«አክስቴ፣ የምን ድስት ነው? ምሳ በልተን አጥበን ጨረስን እኮ!»

ሐጂ ሙሜ አለቃዬ ነበር። ምግብ ቤቱ የአባቱ ነው፤ ከአባቱ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ ልጁ ወደ ረምላ አለፈ። ያለው ከዚራ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ መንገዱን ባለበሱበት በኩል ነው። በሩ ላይ የተጻፈ ስም አለው፣ ግን በዚያ ስም የሚጠራው የለም። የድሬ ሰው «ገለልተኛ» ነው የሚለው። «ምሳ ገለልተኛ እንገናኝ» ይባላል። ገለልተኛ የተባለው ሥጋ ስለማይገባበት ነው።

ነገሩ የጀመረው በሐጂ አባት ጊዜ ነው አሉ። ሰውየው ለባቡር ሠራተኞች ያበስል ነበር። ጠዋት አንድ ብሎን ለሁለት ሲፈቱ የዋሉ ክርስቲያንና ሙስሊም ለምሳ ሲሆን ተለያይተው ይሄዳሉ፤ ይሄኛው የዚያኛውን ሥጋ አይበላም፣ ያኛውም የዚህኛውን አይበላም። «የሚለያያቸው ሥጋው ከሆነ፣ ሥጋው ይውጣ» አለና ያለ ሥጋ ምግብ ቤት ከፈተ። ፉል፣ ምስር፣ ሩዝ በአትክልት፣ ፓስታ በቲማቲም፣ ፈጢራ በእንቁላልና በማር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁልበት፣ ማለት ከሐረሮች የተማረው የአብሽ ወጥ። የሐረሮቹ በሥጋ ነው፤ የእኛው በድንችና በባሚያ። ክፉኛ ለተራበ፣ ለተከፋ፣ ከሕመም ለተነሳ ሰው የሚሆን ምግብ ነው። ሰው ሲከፋው ገለልተኛ ይመጣ ነበር። አንድ ከደጋ የመጣ እንግዳ «ሥጋ የሌለው ምግብ ቤት ደግሞ ምግብ ቤት ነው?» ብሎ ሲያፌዝ ሐጂ «ደቻቱ በበጋ ውሃ አለው? ታዲያ ወንዝ አይደለም?» ብሎ አፉን አስያዘው።

እኔም ከደጋ ነኝ። እህቴ የባቡር ሠራተኛ አግብታ ነበርና ከመንዝ ልጠይቃት መጥቼ እዚሁ ቀረሁ። ሥራ ልጠይቅ ገለልተኛ የገባሁ ቀን እንዳደግኩት ጎንበስ ብዬ «እንደምን አደሩ ሐጂ፣ ሰው የሚቀጥሩት እርስዎ ነዎት?» አልኩት። ዞር ብሎ ከኋላው ተመለከተ።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው? እኔ አንድ ነኝ፣ ብዙ አይደለሁም።»

ድሬዳዋ ላይ አንቱ የለም። ለአባትም ለሐጂም ለቄስም አንተ ነው። አንቱ የሚባለው ባዳ ነው፣ ወይም የተቀየሙት ሰው። ያደግኩበት አፍ እምቢ እያለኝ ሐጂን «አንተ» ለማለት አንድ ዓመት ፈጀብኝ። የመጀመሪያ ቀን ሳይታወቀኝ አምልጦኝ «ሐጂ፣ አንተ ደግሞ ጨዋታ ታበዛለህ» ስለው ሳቀና «አሁን የቤት ሰው ሆንሽ» አለኝ። ያን ቀን የደመወዝ ጭማሪ ቢሰጠኝ እንደዚያ ደስ አይለኝም ነበር፤ ጭማሪውም ቢሆን በእሱ ቤት ቶሎ የሚመጣ ነገር አልነበረም።

አንድ ዓመት ሽንኩርት ላጥኩ። ሁለት ዓመት ሻይና ፉል ላይ ቆምኩ። ከዚያ ሐጂ ወደ ሁልበቱ አስጠጋኝ። አብሹ ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት ውሃው ከላይ ይደፋል፣ መራራው አብሮት ይሄዳል። አዲስ ውሃ፣ እንደገና መድፋት፣ እስከ ሦስት ጊዜ። የቀረው ዝልግልጉ ነው፤ እሱን ክንድ እስኪዝል በእጅ መምታት። ቢጫው እየነጣ፣ እየተነፋ ይመጣል። ሳህኑን ስትገለብጪው ካልፈሰሰ ደርሷል። ሐጂ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ መሃል ላይ መጥቶ ሳህኑን በገዛ ራሴ ላይ ይገለብጠዋል። ስንት ቀን ፀጉሬ አብሽ ሆኖ ወደ ቤት እንደገባሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ባል ያላገኘሁት በዚያ ሽታ ነው እያልኩ እቀልዳለሁ።

ሐጂ ድስት የሚያዳምጥ ሰው ነበር። ምስር ሲበስል መጀመሪያ ይንኳኳል፣ ኋላ ያጉረመርማል፣ ሲደርስ ዝም ይላል ይል ነበር። ቀትር ላይ ወጥ ቤቱ ጥግ ካለው መደብ ላይ ይተኛል፤ ኩፊያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ፣ ማራገቢያው እያወዛወዘው። እኛ እንተኛለን፣ ድመቱ ይተኛል፣ መንገዱ ይተኛል፤ ሁሉ ነገር በላብና በሕልም መሃል ሲንሳፈፍ ድንገት ከኩፊያው ሥር «ሦስተኛው ድስት ውሃ አጥቷል» ይላል። እናያለን፣ እውነቱን ነው። ተነስቶ አያውቅም፤ እዚያው ያንኮራፋል። ጨው ሲጨምር ግን ወጥ ቤት ውስጥ ማንም እንዲናገር አይፈልግም። ደንበኛ ቢጣራ እንኳ እጁን ወደ ላይ ያነሳና ሁላችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን።

መቅመስ ላይ ሌላ ወግ ነበረን። በረመዳን እሱ ጿሚ ነው፤ ሌላው ወጥ ቤት ምላሱ ላይ ነክቶ ይተፋል፣ ሐጂ ግን «ምላሴ ላይ የደረሰ ጉሮሮዬን ያታልለዋል፤ ራሴን አውቀዋለሁ» ብሎ አይነካም። ስለዚህ እኔ እቀምስለታለሁ። በሁዳዴ ደግሞ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፌን ስለማልፈታ እሱ ይቀምስልኛል። «ጽጌ፣ ምላስሽን አውሺኝ» ይላል። እኔም በተራዬ «ሐጂ፣ ምላስህን» እላለሁ። እንዲህ እየተዋዋስን ኖርን። አንዳንዴ ራሴ የቀመስኩትና እሱ የቀመሰልኝ ይምታታብኛል፤ በሕልሜ የሚመጣው ጣዕም የማን እንደሆነ አላውቅም።

ከገባሁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ሁለቱ ጾሞች አንድ ላይ ገቡ። ረመዳን ሁዳዴ ውስጥ ወደቀ። ወጥ ቤቱ በሙሉ ጿሚ፣ አንድ ቀማሽ የለም። እኔ ጨነቀኝ። ሐጂ ግን ትንሿን ድስት በጨርቅ ያዘና ወደ ባቡር ጣቢያ ሄደ። ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ሰው ሲያራግፍ መሃል ገብቶ «መንገደኛ ማነው? ጾም የሌለው ማነው?» ይጣራል። መንገደኛ መጾም አይገደድም። አንድ አቧራ የለበሰ ሰው ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ሲቀምስ፣ ሐጂ ፊቱን ትኩር ብሎ ሲያየው፣ እኔም ማንኪያ ይዤ ከጎኑ ቆሜ እስካሁን ይታየኛል። «ምን ጎደለው?» ይለዋል እንደ ልመና። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና «ሎሚ» አለ። ሐጂ ሮጠ፤ ያ ትልቅ ሰው ሮጠ። ያኔ ያስተማረኝ ሎሚውን መስሎኝ ነበር። የማያውቁትን ነገር ሰው ፊት ቆሞ መጠየቅን ነበር ያስተማረኝ፣ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ከደንበኞቹ ሁሉ ስለ ሁለቱ ልንገራችሁ፤ የኋላው ነገር እነሱ ላይ ስለሚደርስ። በቀለ የባቡሩ ወርክሾፕ ብረት ሠራተኛ ነው፤ ረጅም፣ ኮስታራ፣ ሰንበት የማያጓድል ክርስቲያን። አብዲ ሶማሌ ነው፣ እዚያው ወርክሾፕ አብሮት የሠራ፤ አጭር፣ ወሬኛ፣ የሚስቀው ከመናገሩ በፊት ነው። ሁለቱ በየቀኑ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሁልበት ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ደግሞ ሳይጨቃጨቁ በልተው አያውቁም። በአለቃ፣ በኳስ፣ በመኪና ጎማ፣ ዝናቡ ከየት ተራራ እንደሚመጣ ሳይቀር ይጨቃጨቃሉ። ባቡሩ ቆመ፣ ወርክሾፑ ቀዘቀዘ፣ ጡረታ ወጡ፤ ምሳቸው ግን አልቆመም። ቤቱ የተከፈተው ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች ስለሆነ ሐጂ ሲያያቸው አባቱን ያየ ይመስለው ነበር።

ዓመታቱ እንዴት እንደሄዱ እንጃ። አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ጣቢያውን ሠራ፤ የእኛው ጣቢያ ሰዓቱ ቆሞ ዝም አለ። ሐጂ ጉልበቱ ደክሞ ቤት ዋለ። ረምላ ምግብ ቤቱን ያዘች። ጎበዝ ናት፣ ፈረንሳይኛ ታነባለች፣ ግድግዳውን ቀለም ቀባችው። አባቷ የከለከለውን ግን አልለወጠችም፤ ሥጋ አላስገባችም። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚመጡት ወጣቶች «በርገር የለም?» ሲሏት «ፈጢራ አለ» ትላቸዋለች፤ ይበላሉ፣ ይለምዱታል።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ታምሜ ሁለት ሳምንት ተኛሁ፣ ዳንኩ። ወደ ሥራ የተመለስኩ ቀን ሽንኩርቱ ሲጠበስ አልሸተተኝም። አብሹ አልሸተተኝም። ምላሴም ጨውና ጣፋጭን ከመለየት በቀር ሌላ ነገር አያውቅም። ይመለሳል ተባልኩ፣ ጠበቅኩ። ወራት አለፉ። ለማንም አልተናገርኩም። ወጥ ቤት ሆኖ «አይሸተኝም» ማለት ሹፌር ሆኖ «አይታየኝም» ማለት ነው፤ ሥራዬን የምነጠቅ መሰለኝ። እጄ በለመደው እየሰፈረ፣ ጆሮዬ ድስቱን እያዳመጠ፣ ሁለት ዓመት ተንገዳገድኩ። ሰው ሳህኑ ላይ ማስተረፍ ጀመረ። በቀለ አንድ ቀን ቀና ብሎ «ጽጌ፣ እጅሽ ደክሟል» አለኝ። አብዲ በእግሩ ሲረግጠው አየሁ። ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በዚያው ዓመት ሁለቱ ጾሞች እንደገና ተገናኙ። የሚቀምስልኝ የለም፣ ከደጃፋችን የሚወርድ መንገደኛም የለም። ልለምን ብወጣ ምክንያቱን እጠየቃለሁ ብዬ ፈራሁ። ታይዋን የሚባለው ገበያችን ገብቼ እነዚያን በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለሉ ትንንሽ የሾርባ ኩቦች ገዛሁ፤ ከጅቡቲ በኩል የሚገቡትን። «ምንም ነገር ያጣፍጣል» አለኝ ሻጩ። ወረቀቱ ላይ የበሬ ራስ ተሥሏል። አይቼዋለሁ። የፋብሪካው ምልክት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ረምላን ማስነበብ እችል ነበር፤ ያላስነበብኳት መልሱን ስለፈራሁ ነው።

በማግስቱ ደንበኛው ሁሉ ሳህኑን ጠርጎ በላ። «እጅሽ ተመለሰ!» አሉኝ። ከቅመሙ መደርደሪያ ኋላ በቆርቆሮ ደብቄ በየቀኑ እጨምር ጀመር። ልቤ ያውቃል፤ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ በቀለ በዚያ ዓመት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብላት ሲችል አይበላም ነበር። አብዲ እስኪያፈጥር፣ መግሪብ እስኪደርስ አብሮት ይቆያል፤ ከአንድ ሳህን ለመብላት። ሁለቱ መስኮቱ ሥር ፊታቸው ደርቆ አዛን ሲጠብቁ አያለሁ፤ አዛኑ ሲሰማ ያን ሁልበት እኔ ነኝ አንስቼ የማቀርብላቸው።

ኩቡን በጀመርኩ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሐጂ «ዛሬ ከሰው ጋር ነው የማፈጥረው» ብሎ በረምላ ተደግፎ መጣ። ሁልበቱን አቀረብኩለት። አንድ ማንኪያ ወሰደ፣ ቆመ። ሁለተኛ አልወሰደም።

«ጽጌ፣ ምንድነው ይሄ?»

«ሁልበት ነዋ፣ ሐጂ።»

«ሁልበቱንማ አውቀዋለሁ። ሌላው ምንድነው?»

«ሌላ ምንም የለውም።»

ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ሳያየኝ «እንግዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎ። እኔ ተሳስቼ ይሆናል» አለኝ።

ቢሰድበኝ፣ ድስቱን ቢደፋብኝ ይሻለኝ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት አንቺ ብሎኝ ዛሬ ባዳ አደረገኝ። ሄጄ ቆርቆሮውን አመጣሁና ፊቱ አስቀመጥኩት። ረምላ አንዱን አንስታ ጀርባውን አነበበች፤ ፊቷ ተለወጠ። «የበሬ ሥጋ አለበት፣ አባ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አይሸተኝም፣ ሐጂ» አልኩ። «ከሕመሙ ወዲህ ምንም አይሸተኝም።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁም? በዚህ ቤት ምላስ ሲዋሱ ኖረው የለም እንዴ?»

ሳህኑን ከፊቱ አነሳሁ።

ደንበኞቹ ከሄዱ በኋላ ረምላ ያሰበችውን ተናገረች። «አባ፣ ይሄ ከወጣ ቤቱ አለቀለት። እቃውን እንጥላለን፣ ድስቱን እንቀይራለን፣ ጽጌ አትደግመውም። ሰዎቹ ሳያውቁ ነው የበሉት፤ እነሱ ላይ ኃጢአት የለም።» ክፋት አልነበራትም፤ የአያቷን ቤት ለማዳን ነው።

«እነሱ ላይማ የለም» አላት ሐጂ። «እኛ ጋ ነው ያለው።» ወደ እኔ ዞሮ «ያበሰሉት እርስዎ ነዎት። እንደፈቀዱ ያድርጉ» አለኝ። ከዚያ ተነስቶ ወጣ።

ዝም ብል ዝም ማለት እችል ነበር፤ የሚከሰኝ አልነበረም። ግን ዝም ብዬ እንደምን የበቀለን ፊት አያለሁ? በማግስቱ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በሩ ላይ ቆምኩ። ማንም ከመቀመጡ በፊት ለእያንዳንዱ በየተራ ነገርኩት፦ ሁልበቱ ውስጥ የሥጋ ቅመም ጨምሬ ነበር፣ ማን እንደባረከው አላውቅም፣ አሥራ ስድስት ቀን አብልቻችኋለሁ። አንድ የባጃጅ ሹፌር «አቦ ጽጌ፣ እኔ መች ጾሜ አውቃለሁ ብለሽ ነው!» ብሎ ሳቀና ገባ። አንድ ነጋዴ «ሐራም አበላሽን!» ብሎ ደጁ ላይ ተፍቶ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣም። «አላህ ይማርሽ» ብለው የተቀመጡ አሉ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትመጣ አንዲት ልጅ አለቀሰችና እኔንም አስለቀሰችኝ።

መግሪብ ሊደርስ ሲል ሁለቱ መጡ። ነገርኳቸው። አብዲ በቀለን በቀለን ያያል። በቀለ ኮፍያውን አወለቀ።

«ስንት ቀን ነው ያልሽው?»

«አሥራ ስድስት።»

«አሥራ ስድስቱንም ቀን ከዚህ ሰውዬ ጋር እዚህ ተቀምጬ ጠብቄያለሁ።» ቀጠለና «ጾሙን ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ፤ እሱ ቀላል ነው። ግን ይህን ቤት ጠይቄው አላውቅም ነበር፣ ጽጌ። ከእንግዲህ ልጠይቀው ነው?» አለኝ። ኮፍያውን አደረገና ወጣ። አብዲ ተከትሎት እስከ በሩ ሄደ፣ ጠራው፣ ተመለሰ። ብቻውን ተቀመጠ።

የመጨረሻው ሰው ከሄደ በኋላ ሐጂ ጥጉ ላይ እንደተቀመጠ አየሁት። ቀኑን ሙሉ እዚያ ነበር አሉኝ። «ነይ እስቲ፣ ቁጭ በይ» አለኝ። «ደክሞሻል።» ነይ። ቁጭ በይ። ደክሞሻል። አጠገቡ ተቀምጬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። እሱም አላባበለኝም፤ ሻይ አስመጣና ስኳሩን ራሱ አማሰለልኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ድስት ከመውረዱ በፊት ሁለት ሰው ይቀምሰዋል፤ አንድ ሙስሊም፣ አንድ ክርስቲያን፣ ከደንበኛው መሃል። ሐጂ ያዘዘው ነው። እኔ ደግሞ አዳራሹ መሃል ቆሜ «አፍንጫዬ አይሠራም፣ ቅመሱልኝ» እላለሁ። መጀመሪያ ልብሴን እንዳወለቅኩ ያህል አፈርኩ። ቀስ በቀስ ለመደብኝ። የድሬ ሰው ደግሞ ቅመስ ተብሎ እምቢ አይልም፤ ተራ እስከ መያዝ ደረሱ። ጾሞቹ በተገናኙባቸው ዓመታት አውቶቡስ መናኸሪያ ሄጄ መንገደኛ ለመንኩ። ደንበኛው ቀንሶ ነበር፣ ጥቂት ጥቂቱ ተመለሰ። ቤቱ አልተዘጋም።

በቀለ ግን አልመጣም። ከአብዲ ጋር አልተጣሉም፤ ጠዋት ጠዋት ዛፍ ሥር ዳማ ይጫወታሉ፣ ይሰዳደባሉ። ምሳ ሲሆን ይለያያሉ። ሁለቱ ከአንድ ሳህን የሚበሉበት ሌላ ቤት የለማ። አብዲ ብቻውን ይመጣል፤ ከልማዱ የተነሳ በፊቱ ያለውን ብቻ በልቶ ማዶውን ይተወዋል። ያን የተረፈ ግማሽ ሳህን በየቀኑ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሐጂ የሞተ ጊዜ በቀለ ለቀብር መጥቶ አይቼዋለሁ። ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ ገለልተኛ ገብቶ እህል ሲቀምስ እሱ ደጅ ቆመ። የሐጂ ሞት አንድ፣ የበቀለ ደጅ መቆም አንድ፤ የትኛው እንደባሰብኝ ያን ቀን መለየት አቃተኝ።

ባለፈው ሰኔ ጉልበቴ በቃኝ ሲል ለረምላ ነገርኳት። ሁልበቱን እሷው መምታት ጀምራለች፤ እኔም በደንብ ራሷ ላይ ገልብጬላታለሁ። የመጨረሻው ቀን ላይ አየሩ ከባድ ነበር፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ነገር ዝግ ብሎ፣ እንፋሎት ውስጥ እንደሚታይ ሆኖ ይሄድብኝ ነበር። ሁልበቱ ደረሰ። አብዲ አንደኛውን ማንኪያ ቀምሶ ተቀመጠ። ለሁለተኛው ሰው ልጣራ ቀና ስል በቀለ በሩ ላይ ቆሟል።

«ልትወጪ ነው አሉ» አለኝ።

«አዎ።»

«አፍንጫሽስ?»

«እንደዚያው ነው። አልተመለሰም።»

ወደ መስኮቱ አየ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄ ሰውዬ ብቻውን ሲበላ ከመንገዱ ማዶ አየዋለሁ። እንደ ሙት ቤት ዝም ብሎ ይበላል። አስጠላኝ።»

እኔ ማንኪያውን ሞልቼ ዘረጋሁ። «ቅመስልኝ፣ በቀለ» አልኩ። «እኔ አላውቀውም።»

ማንኪያውን እያየ ቆየ። ረምላ ሳህን ይዛ መሃል መንገድ ላይ ቀረች። ወሰደው። አጣጣመው።

«ጨው ያንሰዋል» አለ።

«ያንሰዋል?» አለ አብዲ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «ወላሂ በዝቶበታል! ምላስህ ዝጓል አቦ!»

«የአንተ ነው የዛገው! መች ጨው ታውቃለህ? ሕይወትህን ሙሉ ስኳር ስትቅም ኖረህ!»

«ሻይ ነው የጠጣሁት፣ ስኳር አልቃምኩም! ረምላ፣ አንቺ ፍረጂ!»

ረምላ እየሳቀች እጇን አወዛወዘች። እኔ ጨው ይዤ መሃላቸው ቆሜያለሁ፤ እንባዬ ይወርዳል፣ መጨመሩንም አለመጨመሩንም አላውቅም። በቀለ ወንበሩን ጎትቶ አብዲ ፊት ለፊት ተቀመጠና ባዶውን ማንኪያ ወደ እኔ ዘረጋ።

«እስቲ ድገሚኝ፣ ጽጌ» አለ። «በደንብ ልቅመሰውና ይሄን ሰውዬ ልርታው።»

ደገምኩለት።